የቁልፍ ሠሪው ደጅ

ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ቆሞ የቀረጻቸው ቁልፎች የሰፈሩን ግማሽ በር ይከፍታሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እጁ የተባረከ ነው። አፉ ግን አንዲት ቃል ለምዷል፤ «ያስፈልጋል?» የምትል። ሦስት ቅጂ የጠየቀውን ደንበኛ እንኳ «ሦስት ያስፈልጋል?» ይለዋል። ገበያውን በገዛ አፉ የሚያባርር ነጋዴ መቼም እሱን አየን። ሰፈርተኛውም «አቶ ያስፈልጋል» የሚል ስም አወጣለት።

ቁጠባ ነውር ነው የሚል የለም። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ቁማር ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። በልጅነቱ እናቱ የቤት ኪራይ አጥታ ከነፍራሿ ደጅ ስትጣል ያየ ሰው ነው፤ የራሱ ቤት እስኪኖረው ድረስ ሆዱ አያርፍም። ጥፋቱ ሌላ ነው። የሚቆጥበው ለሁለት ሆኖ ሳለ የሚወስነው ብቻውን ነበር።

ከሚስቱ ጋር ከተጋቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የተከራዩት ቤት አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፤ እሱም በባልየው ኪስ ይውላል። ሚስቲቱ ላውንድሪ ቤት ቆማ ልብስ ስትተኩስ ውላ ዐሥር ሰዓት ላይ ትወጣለች። እሱ ሱቁን የሚዘጋው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እንደተጋቡ ሰሞን፣ «ለእኔም አንድ ቅረጽልኝ እንጂ» ብላው ነበር።

«ያስፈልጋል? አንድ ላይ አንገባም እንዴ? ያልተቀረጸው ቁልፍ እንኳ እኮ በገንዘብ ነው የሚመጣው።»

ያን ጊዜ ስቃ አለፈችው። አዲስ ሙሽራ ናት፤ ባሏን ደረጃ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ጨዋታ መስሏት ነበር። እያደር ጨዋታው አለቀና ደረጃው ብቻ ቀረላት።

ዘንድሮ በራሷ ደመወዝ አንድ ሰማያዊ ዣንጥላ ገዝታ ከሥሩ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ደግሞ ዣንጥላ ያስፈልጋል? ዝናቡ እኮ ሊያባራ ነው» አላት፣ በሩን እየከፈተ።

አልተጨቃጨቀችም። ትንሽ አየችውና ዣንጥላውን ሰበሰበች፤ በማግስቱ ለሻጩ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ይገዛልኝ፣ ይደረግልኝ ብላ ጠይቃው አታውቅም። እሱም «ገባት» ብሎ ደስ አለው። በአንድ ገበታ እየበሉ የሚነጋገሩት ጠፋ። ቤቱ ጭጭ አለ፤ እሱ ግን ይህን ሰላም ብሎ ጠራው።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ማንም የለም። ጎረቤታቸው አሮጊት ከገመድ ላይ ልብስ ይሰበስባሉ።

«እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ንገሩልኝ ብላኛለች» አሉት።

«መቼ እመለሳለሁ አለች?»

«እሱን አልነገረችኝም፣ ልጄ።»

ስልክ ሲደውል ታነሣለች። «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ከዚያ ይዘጋሉ። በዚያ ሳምንት ወጪው በግማሽ ቀነሰ። ደስታውን የሚያካፍለው ሰው ግን አልነበረም፤ ኋላም ደስታው ራሱ የት እንደገባ አጣው። ዳቦውን ቆሞ ይበላል። ከበላ በኋላ ሁለት ኩባያ አውርዶ አንዱን ይመልሳል።

በስምንተኛው ቀን ሐሳብ አላስቀምጠው ቢል ዐሥር ሰዓት ላይ ዘግቶ መጣ። በሩን አልከፈተም። ሚስቱ በምትቀመጥበት ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። የድንጋዩ ቅዝቃዜ በሱሪው አልፎ አጥንቱ ገባ። ካፊያ ጀመረ። አላፊ አግዳሚው «ምነው፣ ቁልፍ ሠሪ ቁልፍ ጠፋው?» እያለ ይስቅበታል።

አሮጊቷ ብቅ አሉ። «ተነሥ እንጂ፣ ይበርድሃል።»

«እዚህ ጋ ነው የምትቀመጠው፣ እማማ?»

«እዚያው ነው። ሲዘንብ እቤቴ ግቢ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! አሁን ይደርሳል ትለኛለች። ሰው ቤት ተጠግታ፣ ባሌ ቁልፍ ነፈገኝ ትበል?»

«እኔ እኮ ለሁለታችን ብዬ ነው። ነገ ቤት ሠርቼ ላስገባት።»

«ለሁለታችሁ ከሆነ አንድ ቀን ጠይቀሃታል? የነገው ቤት ይቆይና፣ በዛሬው ቤቷ መች ገባች?»

አሮጊቷ ወደ ቤታቸው ገቡና ብቻውን ቀረ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሚስቱን በገዛ ቤቷ ደጅ ሲያስጠናት ኖሯል። አፈረ። ከማፈሩ ይልቅ ግን ናፈቀችው።

በማግስቱ ማንንም ሳያስተናግድ ያንን የነፈጋትን ቁልፍ ቀረጸ። ለሌላው በአምስት ደቂቃ የሚያስረክበውን፣ ጣቷን እንዳይቧጭራት ብሎ ጠርዙን ደጋግሞ ሞረደው። ዐሥር ሰዓት ላይ ላውንድሪው በር ቆሞ ጠበቃት። ፊቷ በእንፋሎት እንደወዛ ወጣች። ቁልፉን ዘረጋላት።

«ያስፈልጋል?» አለችው።

አሽሙር አልነበረም፤ ደክሟት ነው፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ያቺ ቃል የራሱ ናት። ወደ እሱ ዞራ ስትመጣ ግን የመጀመሪያዋ ነው፤ ምን ያህል እንደምትቀዘቅዝ ያን ጊዜ ገባው።

«ያስፈልጋል» አላት። ያችኑ ቃል፣ መጨረሻዋ ላይ ድምፁን ሳያነሣ።

ተቀብላ በጋውኗ ኪስ ከተተችው። እመጣለሁም፣ አልመጣምም አላለች፤ ወደ እህቷ ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች።

እናንተ ባለትዳሮች፣ ለመጋባትም ያሰባችሁ፣ ቆጥቡ። የሚቆጠበውን ግን አብራችሁ ምረጡ። አንዱ ቆጣቢ ሌላው ለማኝ የሆነበት ቤት፣ ገንዘቡ ቢጠራቀም እንኳ ሰው ያልቅበታል። «ያስፈልጋል?» መልካም ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው መልሱን ቆሞ የሚሰማ ከሆነ።

ቁልፍ ሠሪው አሁን ከሥራ ሲመለስ ቁልፉን ከኪሱ አያወጣም። ምናልባት ውስጥ ትሆናለች ብሎ አስቀድሞ ያንኳኳል፤ ጥቂትም ይጠብቃል። እስካሁን የከፈተለት የለም። ቁልፉንም የመለሰለት የለም።