የሸራው ገመድ

«ገመዱን አትቋጥሪው፤ በእጅሽ ብቻ ያዢው» አለ አናጢው አጎቷ፣ እስከ ጉልበቱ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ካያክ የሚሉትን ጠባብ ጀልባ ከጭራው እንደያዘ። «ንፋስ ሲበረታ ትለቂዋለሽ። ሸራው ይረግባል፤ አለቀ።»

ቋጠሮ ራሷን ነቀነቀች እንጂ ነገሩ አልተዋጠላትም። ቋጠሮ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ፍራሽና ቁም ሣጥን ጠፍሮ ማሰር ያስተማራት ገና በልጅነቷ ነው። እሷ ያሰረችው ዕቃ አገር ቢያቋርጥ ንቅንቅ አይልም። እናቷ የስኳር ፌስታል ለመፍታት መቀስ የምትፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለችን ልጅ ገመድ በእጅ ያዢ ሲሏት ስንፍና ይመስላታል።

ካያኩ ሁለት ሰው ያስቀምጣል። እንዳይገለበጥ በግራና በቀኙ ቀጫጭን ተንሳፋፊዎች በእንጨት ክንድ ተያይዘውለታል። አጎቷ ክረምቱን ሙሉ የለፋበት ነው። በማግስቱ የሐይቁ ዳር መዝናኛ ኃላፊ መጥቶ ሊያየው ተቀጣጥረዋል፤ ከወደደው ሌሎችም ያዛል። ዛሬ ከተሳካላቸው ደግሞ ነገ በሰውዬው ፊት የሚነዱት ቋጠሮና የአጎቷ ልጅ ቀጮ ናቸው።

ከኋላ ተቀምጦ መሪውን በእግሩ የሚያዘው ቀጮ ነበር። ወሬውን ለሰማ መርከበኛ ሆኖ የተወለደ ይመስላል። ከዚያ በፊት የነዳው ግን ብስክሌት ብቻ ነው፤ እሱም የሰው።

ቋጠሮን መጀመሪያ የገረማት ዝቅታው ነው። መቀመጫዋ ከውሃው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ሱሪዋ ወዲያው ራሰ። ከዚያ ሰማያዊው ሸራ ንፋስ ጎረሰና ካያኩ ማንም ሳይቀዝፈው ሄደ። ሞተር የለ፣ ድካም የለ፤ ከሥሯ የሚያንሾካሹክ ውሃ ብቻ። የቀኙ ተንሳፋፊ ውሃውን ሲልስ የግራው ብድግ ይላል። የሚገለበጡ መስሏት ወደ ግራ ተንጋደደች። ካያኩ ከቁም ነገርም አልቆጠራት፤ መንገዱን ቀጠለ።

«ኧረ ይሄ ነገር ይበራል» አለ ቀጮ።

ጥቂት እንደሄዱ ገመዱ መዳፏን ያቃጥላት ጀመር። ዞር ብላ ስታይ አጎቷ ዳር ላይ ጥፍር አክሏል። ገመዱን ከፊቷ ባለው የብረት ቀለበት አሾለከችና በአባቷ አስተሳሰር ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። እጇን አራገፈች። ተመቻት።

ንፋሱ ግን አላማከራትም። ድንገት ሲመጣ ሸራው ተወጠረ፤ የቀኙ ተንሳፋፊ አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ቀበረ። ቀጮ ልቀቂው እያለ ይጮሃል። ቋጠሮው ጥሩ ቋጠሮ ነበርና ሲርስ ይብሱን ጠበቀ። ልትፈታው ስትታገል ጥፍሯ ተላጠ። ከቀኙ ክንድ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ያዳናቸው የቀጮ ድንጋጤ ነው፤ መሪውን እንዳገኘ ሲረግጠው ካያኩ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዞረና ሸራው ባዶውን ይርገበገብ ጀመር።

ሸራውን ጠቅልለው እየቀዘፉ ተመለሱ።

አጎቷ አልተቆጣም። ተንበርክኮ የቀኙን ክንድ ስንጥቅ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ንፋሱ እንዴት እንደነበር ጠየቃቸው፤ ቋጠሮ ገመዱን ለቃው እንደሆነም ጠየቀ።

«ለቃዋለች፣ አባዬ» አለ ቀጮ ፈጠን ብሎ።

«እንግዲያው ክንዱ ነው» አለ አጎቷ። «ሸራው ረግቦም ከተሰነጠቀ ሥራዬ አልረባም ማለት ነው። ሰውዬው እንዳይመጣ እደውልለታለሁ። በሰው ነፍስ አልቀልድም።» ስልኩን ሊያመጣ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ገባ።

ቋጠሮ ጎንበስ ብላ የተጠቀለለውን ሸራ ገለጥ አደረገችው። ገመዱ ቀለበቱ ላይ እንደታሰረ ነው። አጎቷ ይህን ካየ ነገ ከፊት የሚያስቀምጣት አይመስላትም፤ ምናልባትም ከዚያ ወዲያም ጭራሽ።

ቀጮ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ዘረጋላት። «ቁረጪውና ወርውሪው። ማን ያያል?»

ሰንጢውን ተቀበለችው፤ አጠፈችና መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ እርጥብ ሱሪዋ እየተጣበቀባት ወደ ሥራ ቤቱ በር ሄደች።

«ጋሼ፣ ሳትደውል አንዴ ውጣና ገመዱን እይ» አለች።