አምባዛ የለመደው ሽታ

ስመኝ ጠዋት ጠዋት የዓሣ ምርምር ጣቢያውን ጨለማ ክፍል ስትከፍት መጀመሪያ የሚቀበላት ድምፅ ነበር፤ አየር መንፊያው ሞተር አስም እንደያዘው ሽማግሌ ሲያጓራ፣ ከቧንቧው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል፣ ከዚያም ከመስታወት ገንዳው ውስጥ አምባዛዎቹ እርስ በርስ ሲተሻሹ የሚሰማው፣ እርጥብ ቆዳ በእርጥብ ቆዳ ላይ ሲንሸራተት የሚወጣው፣ ስም ያልወጣለት ድምፅ። ቀጥሎ ሽታው ይመጣል፤ የጭቃ፣ የዝገትና ያደረ ሥጋ ሽታ። መስኮቶቹ በጥቁር ሸራ ስለተጋረዱ ውጭ ፀሐይ ጣናን እንደ ቆርቆሮ እያብለጨለጨችው እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። ዓሦቹ በዓይናቸው ሳይሆን በአፍንጫቸው ብቻ እንዲሠሩ ነው የተፈለገው።

ዓሣ አፍንጫ አለው ሲባል ሰው ይስቃል። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ቢያድግልኝ ግን ይህን ሲያስረዱ አይስቁም፤ እንዲያውም በሌላ ነገር ሁሉ ቀልደኛ የሆኑት ሰውዬ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እንደ ቅዳሴ ዝግ ይላል። ዓሣ የሚተነፍሰው በጉንጩ ጎን ባለው ስንጥቡ ነው። አፍንጫው ለሽታ ብቻ የተተወ ነው፤ ውሃው በፊተኛው ቀዳዳ ይገባል፣ በውስጥ ባለው በተጣጠፈ ስስ ሥጋ ላይ ያልፋል፣ በኋለኛው ይወጣል፣ ሲያልፍም በሐይቁ ውስጥ ማን እንደቆሰለ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን እንደሞተ ነግሮት ያልፋል።

«እኛ የሚከረፋ ነገር ስናገኝ አፍንጫችንን እንይዛለን፤ ዓሣ በምኑ ይይዘዋል?» ይላሉ ዶክተሩ። «ያሸተተውን ማሽተት ግዴታው ነው። ስለዚህ ስመኝ፣ ያለ ጓንት እጅሽን እንዳትነክሪ። አለዚያ ያስተማርሽውን ትቶ አንቺን ነው የሚማረው።»

ጓንቱ ከተጠየቀ ዓመት አልፎታል። የግዢ ኮሚቴው በቀለሙ ላይ ገና አልተስማማም ነበር።

ስመኝም በባዶ እጇ ትሠራለች። መጀመሪያ ሥራው የጣቢያው ነበር፤ አምባዛ አንድን ሽታ ከምግብ ጋር አያይዞ ለስንት ጊዜ ያስታውሳል የሚል፣ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጥናት። ከመስከረም ወዲህ ግን የራሷ ሆነ። በመስከረም የታናሽ ወንድሟ የይበልጣል ታንኳ፣ የተሠራበት ደንገል ከሥር ረጥቦ፣ መቅዘፊያው ውስጡ እንደተጋደመ፣ ሰው የሌለበት ብቻውን ከደሴቶቹ ማዶ ሲንሳፈፍ ተገኘ። ዋናተኞች ወረዱ፣ መረብ ተጣለ፣ ጠበል ተረጨ። ሐይቁ ምንም አልመለሰም።

እናታቸው ወይዘሮ እንዬ ደግሞ ቃላቸው አንድ ነው፤ «ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም።» ጎረቤቱ ግራ ገባው። እንዳያለቅስ እናቲቱ ከለከሉ፣ እንዳይስቅ ይሉኝታ ያዘው። እድርተኛው ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ተክሎ ሁለት ጊዜ ነቀለ። እናቲቱ በሩ ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ፤ ምግብ ሲቀርብላቸው «እሱ ሲመጣ» ይላሉ፤ ከቀን ወደ ቀን ነጠላቸው ሰፋቸው። እንዲህ ከቀጠሉ ከልጃቸው ቀድሞ የሚቀበሩት እሳቸው እንደሆኑ ስመኝ አወቀች። ሬሳው መገኘት ነበረበት።

በዚያ አገር ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ሲለቀስለት ልብሱ መሐል ተዘርግቶ ነው። እናቲቱም ለዚያ ቀን ብለው፣ ቀኑንም አሻፈረኝ እያሉ፣ የይበልጣልን ጋቢ ሳያሳጥቡ አጣጥፈው አስቀምጠውት ነበር። ስመኝ ወሰደችው። ጥጉን በሳህን ውሃ ትዘፈዝፋለች፣ ውሃውን በቀጭኗ ቧንቧ ወደ ገንዳው ጠብ ታደርጋለች፣ ወዲያው ከቄራ ያመጣችውን የሆድ ዕቃ ፍርፋሪ በእጇ ታቀርባለች። ጠብታ፣ ሥጋ። ጠብታ፣ ሥጋ። ክፍሉ ስለሚበርድ የቀረውን ጋቢ ራሷ ትደርበዋለች፤ ማታም አውልቃው አታድርም፤ ወንድሟ በትከሻዋ ያቀፋት ይመስላታል። የለመዱትን አምባዛዎች «ሞቱ» እያለች ለቢሮው ታሳውቅና በጣቢያው የእንጨት መትከያ፣ በሣንቃ በተሠራው የታንኳ ማቆሚያ፣ ጫፍ ላይ ሆና ወደ ሐይቁ ትለቃቸዋለች፤ እዚያም እንዳይረሱ ቀን በቀን እየሄደች ትመግባቸዋለች፣ ያልሠለጠኑትም ከሠለጠኑት እየተማሩ ይመጣሉ። ሽታውን ተከትለው ይበልጣል ያለበት ይሰበሰባሉ፣ እሷም ከላይ ሆና ታያለች። ሐሳቧ ይኸው ነበር። ከተሰበሰቡ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ አላሰበችም። ቅርፊት ስለሌለው የአገሩ ሰው አምባዛ አይበላም፤ አምባዛውስ የአገሩን ሰው ይበላ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ኅዳር ሲገባ አንድ ነገር ልብ አለች። ጋቢውን ገና ሳትዘፈዝፈው ዓሦቹ ወደ በሩ በኩል ተጠጋግተው ይጠብቋታል። በጨለማው ውስጥ አታያቸውም፤ ግን ሪዛቸው መስታወቱን ሲዳብስ፣ ዓይነ ስውር የሰው ፊት በጣቱ እንደሚያነብ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ትሰማዋለች። ወደ ግራ ስትሄድ ድምፁ ወደ ግራ ይሄዳል። አንድ ቀን ጋቢውን ሆን ብላ ውጭ አኑራው ገባች፤ ያው ነው። ትንሽ ሰውነቷን ውርር አደረጋት፤ ከዚያ ግን ደስ አላት። የአንድ እናት ልጆች አይደለን፣ አለች በልቧ፤ የሱ ሽታ ደሜ ውስጥ አለ፣ እሱን አውቀውታል ማለት ነው።

በማግስቱ አባ አንማውን ታንኳ እንዲያሳፍሯት ለመነቻቸው። አባ አንማው ሐይቁ ላይ ያረጁ፣ ለመቅዘፍ እንጂ ለማውራት የማይሰንፉ ሽማግሌ ናቸው። ገና ከባሕሩ ዳር ራቅ እንዳሉ ውሃው ከታንኳው ዙሪያ መጥቆር ጀመረ። ጥቁር ጀርባዎች፣ የሰው ጭን የሚያክሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረቡ፣ ሰፋፊ አፋቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ዝም ብለው ቆሙ። ዓሣ ሲሰበሰብ ያንቦጫርቃል፤ እነዚህ አላንቦጫረቁም።

«እዚህ ነው!» አለች ስመኝ፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

ለዋና የተጠሩ ጎረምሶች ጠልቀው ጭቃ ብቻ ይዘው ወጡ። በሌላ ቀን በሌላ አቅጣጫ ሄዱ፤ ዓሦቹ እዚያም ተሰበሰቡ። በሌላ ቀን ደግሞ ከደሴቶቹ አጠገብ፤ እዚያም። የትም ቢሄዱ ታንኳው ሲቆም ውሃው ይጠቁራል። ዋናተኞቹ እምቢ አሉ። ከተማው «የይበልጣል ሬሳ እህቱን እየተከተለ ነው» አለ፣ ዓሣ የሚገዛም ጠፋ።

አባ አንማው በመጨረሻው ቀን መቅዘፊያቸውን ከውሃው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ልጄ፣ እኔ ብዙ ሬሳ ከዚህ ሐይቅ አውጥቻለሁ። ሬሳ ሰነፍ ነው። ነፋስ ካልገፋው አይሄድም፤ ሰው አይከተልም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚከተሉት?»

አባ አንማው ጥቁሩን ውሃ አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ታንኳቸው ለሷ ሁልጊዜ ብልሽት አለበት።

እሷ ግን መትከያው አለላት። ሣንቃው አሮጌ ነው፤ ስትረግጠው ከሥር ውሃው ይላል ላ፣ ላ፣ ላ። አሁን ከዚያ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ገባ፤ የሆነ ለስላሳ ነገር የሣንቃውን ሆድ ይዳብሳል፣ በተራመደች ቁጥር አብሯት ይራመዳል፣ ስትቆም ይቆማል። ጫፉ ላይ ተንበርክካ በሣንቃው ስንጥቅ አጮልቃ ብታይ ጨለማው ውስጥ ነጭ ነገር ሲከፈትና ሲዘጋ አየች፤ አፍ ይሁን መዳፍ አልለየችም። ከስንጥቁ የሚወጣው ሽታ የታወቀ ነበር፤ የጋቢው ሽታ፣ ላብና ጭስ፣ የቤት ሽታ። ጋቢውን ደርባ እንደነበር ትዝ አላላትም።

«ይቤ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «እዚህ ድረስ መጥተህ ነው?»

ከሥር የነበረው ነገር ሣንቃውን ቀስ አድርጎ ገፋው። ስመኝም ሁልጊዜ እንደምታደርገው በስንጥቁ ሥጋ አቀበለችው። ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን በእኩለ ቀን ከሰፈሩ በኩል የሴት ጩኸት ተነሣ። ለቅሶ ይሁን እልልታ ከሩቅ አይለይም ነበር። እናቴ አረፈች ብላ ጋቢውን እንደደረበች ሮጠች። ግቢው ውስጥ እናቷ አንድ ፀሐይ ያጠቆረው፣ አቧራ የለበሰ፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ወጣት አንገት ላይ ተጠምጥመው እልል ይላሉ። እሷን ሲያይ ሳቀ፤ በዚያ ፊት ላይ ጥርሱ ብቻ የድሮው ነበር።

«እታለም! ሞተሃል አሉኝ እኮ!»

መተማ ነበር። የሰሊጥ አጨዳ። ብናገር እናቴ ትከለክለኛለች ብሎ በጭነት መኪና ተሰውሮ ሄዷል፤ ታንኳውንም ሳያስረው ነው የሄደው። ስልኩስ? መንገድ ላይ ጠፍቶበታል። ስመኝ በጥፊ መታችው፣ ከዚያ አቀፈችው፣ ከዚያ ደግማ መታችው። እናቲቱ «ተዪው፣ ይብላ መጀመሪያ፤ ኋላ ትመቺዋለሽ» አሉና ራሳቸው ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁራሽ ጎረሱ።

«ጋቢዬንም ወረስሽው?» አለ ይበልጣል፤ ጥጉን ስቦ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ። «ኤዲያ! የኔን ወዝ የት አደረስሽው? ይሄማ አንቺን አንቺን ነው የሚሸት፤ በዚያ ላይ የቄራ።»

ተሳሳቁ። ስመኝም ሳቀች። ጎረቤት እየጎረፈ ገባ፤ ለለቅሶ የቆየው ድንኳን ለደስታ ተተከለ፤ የእድሩ ሊቀመንበር ድንኳኑ በየትኛው መዝገብ እንደሚወጣ ይከራከሩ ጀመር። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስትመለስ ወንድሟ የለም።

«ይቤስ?»

«አቧራዬን ላራግፍ ብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ» አሉ እናቷ።

እንስራው ከእጇ ወደቀ። ሕዝቡ የሚጣራውን ስሟን፣ እግሯን የሚወጋውን ጠጠር አልሰማችም፤ የምትሰማው ያን ሳህን ብቻ ነበር፣ ጠብታ፣ ሥጋ፣ ጠብታ፣ ሥጋ። የሱን ሽታ ነው ያስተማረቻቸው። ሐይቁን ሙሉ፣ በገዛ እጇ።

ይበልጣል ከመትከያው አጠገብ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ራሱን ያሻል። ከደንገሉ ማዶ ውሃው መጥቆር ጀምሯል፤ ያለ ሞገድ፣ ያለ ድምፅ፣ የደመና ጥላ እንደሚመጣ እየሰፋ ይመጣል። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

«ውጣ! ይበልጣል፣ ውጣ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ውሃው እኮ ለብ ያለ ነው!»

ዘላ ገባች። ጋቢው ውሃ ጠጥቶ ከበደ፣ በዙሪያዋ ተዘረጋ፤ እየታገለች ደረሰችበት፣ ብብቱን ይዛ ወደ ዳር ገፋችው፣ እሱም እየሳቀና እየተሳደበ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ቆመ። እዚያ ሆኖ ሲዞር ሳቁ ቆመ።

«እታለም…» አለ። «ባጠገቤ አለፉ። ዞር ብለውም አላዩኝ።»

ጥላው ከሐይቁ ሁሉ ተሰብስቦ ደርሶ በወገቧ ዙሪያ ዝም ብሎ ቆመ፤ የመጀመሪያው ለስላሳ ሪዝ ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ጉልበቷን፣ ከዚያ ጓንት አድርጎ የማያውቀውን መዳፏን እንደ ድሮ ወዳጅ ቀስ አድርጎ ዳሰሰ። ስመኝ ጣቶቿን ዘረጋችላቸው፤ ባዶ እጇን የመጣች መስሏት ነበር፣ ለእነሱ ግን እንደዚያ አልሸተታቸውም።