የባለራእይዋ እናት

በሌሞ ወረዳ፣ ከሆሳዕና በጋሪ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብረው አንድ ቤት ነበረ። አባወራው ኤሊያስ መምህር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የጸሎት ፕሮግራም ይመራል። ሚስቱ ርብቃ ገበያ እየወጣች ቆጮ ትሸጣለች። ከሆመቾና ከጃጁራ ሳይቀር ሰዎች ወደዚህ ቤት የሚመጡት ግን ለዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ለአቢጋኤል ነበር። አቢጋኤል በጸሎት መካከል ድንገት ዝም ትላለች። ዓይኗ ወደ ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ ከንፈሯ በስሱ ይንቀሳቀሳል፣ ቢጠሯት አትሰማም። ስትመለስ ኤሊያስ አጠገቧ ተንበርክኮ፣ «ምን አየሽ፣ የኔ ልጅ?» ይላታል። እሷም ቀስ ብላ፣ «ምስክርን» ትላለች። ያን ጊዜ ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» እያለ ይነሳል።

ምስክር ታላቅ ወንድሟ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ ሰኞ ኳስ ሲጫወት የዋለ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ረቡዕ ተቀበረ። ትኩሳቱ ሆስፒታል እስኪያደርሱት እንኳ አልጠበቃቸውም... ኤሊያስ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ጠመኔ መያዝ አቃተው። ቤተሰቡ ምግብ አቅርቦ ይለምነዋል፤ እሱ ግድግዳ እያየ ያለቅሳል። አቢጋኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈዝዛ የቀረችውና ሲጠይቋት የወንድሟን ስም የጠራችው በዚያው ሰሞን ነበር። ኤሊያስ በዚያ ቀን እራት በላ። በማግስቱ ክፍል ገባ። ታዲያ በዚህ አባት ላይ ማን ይፈርዳል?

ርብቃ ግን ሌላም ነገር ታይ ነበር። ልጅቷ ምግብ እያኘከች ትፈዛለች። ውሃ ተሸክማ ትፈዝና ጀሪካኑ ከእጇ ይወድቃል። ሰኞ ያጠናችውን ፊደል ማክሰኞ አታውቀውም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንደኛ ክፍል አላለፈችም። «እግዚአብሔር የመረጣት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ይሏታል ጎረቤቶቿ። ርብቃ ግን አንድ ቀን ልጇን ይዛ ሆሳዕና ሄደች፤ እዚያ ያገኘቻት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት ሮዳስ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ በትዕግሥት ሰማት። «የሚጥል በሽታ ሳይጥልም ይመጣል» አላት፤ መድኃኒትም አዘዘ። «ትምህርቱ ለምን እንደማይያዛት፣ በምን መንገድ እንደምትማር ለይቶ የሚነግራችሁ ግን ኒውሮሳይኮሎጂስት ነው። እዚህ የለንም።»

ርብቃ መድኃኒቱን ይዛ ስትገባ ኤሊያስ ተቀብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

«የአቢ አባት፣ ልጅቷ ታማለች።»

«ራእይዋን ልታጠፊባት ነው?» አላት። «ርብቃ፣ ልጄን ሁለት ጊዜ ልትቀብሪብኝ ነው?»

ምስክርን የወለደችው እሷ አልነበረችም? ያጠባችውስ እሷ አልነበረችም? ይህን ሁሉ ልትለው ትችል ነበር። እሷ ግን፣ «ሐኪሙ የነገረኝ ባለሙያ ይመርምራት። ራእይ ነው ካለ ዕድሜ ልኬን ዝም እላለሁ። በሽታ ነው ካለ ቁልፉን ትሰጠኛለህ» አለችው። ኤሊያስ ተስማማ፤ አታገኘውም ብሎ አስቦ ነበር።

ርብቃ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። ያንን ረጅም ስም ሮዳስ በደብተር ወረቀት ጻፈችላት፤ እሷም ገበያ ተቀምጣ ቃል በቃል አጠናችው። አምስት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ደወለች። አንዱ «ተሳስተዋል» ይላታል፣ አንዷ «እኛ የምናየው አዋቂ ብቻ ነው» ትላታለች፣ ሌላዋ ጭራሽ አገር ለቃለች። የገበያ ጓደኞቿ፣ «ርብቃ፣ ዛሬስ ለአንጎል አስተማሪ አገኘሽለት?» እያሉ ይስቁባታል። «ነገ አገኛለሁ» ትልና አብራቸው ትስቃለች። በመጨረሻ በሮዳስ የድሮ መምህር በኩል፣ ልጆች የምትመረምር ዶክተር ሶስና የምትባል ባለሙያ ተገኘች።

ኤሊያስም አብሯቸው አዲስ አበባ ሄደ፤ ስለ ራእዩ ራሱ ሊመሰክር።

ዶክተር ሶስና ሁለት ሰዓት ያህል ከአቢጋኤል ጋር ወለል ላይ ተቀመጠች። ሥዕል አሳየቻት፣ እንጨት አስደረደረቻት፣ ተረት ነግራ አስደገመቻት፤ አማርኛው ሲከብዳት ርብቃ በሀዲይኛ ታቀብላለች። በመካከሉ አቢጋኤል እንጨት እንደያዘች ፈዘዘች። ኤሊያስ ብድግ አለ። ዶክተሯ በእጇ አስቀመጠችው፣ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። ልጅቷ ስትመለስ ዶክተሯ፣ «ቀዩን እንጨት ልናስቀምጥ ነበር» አለቻት።

አቢጋኤል ግራ ተጋባች። «አይጠይቁኝም?»

«ምን ልጠይቅሽ?»

«ምን እንዳየሁ።»

«ያየሽው ነገር አለ?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። «ምንም የለም። ስመለስ ሁሉም ሰው እያየኝ ነው። ይጠይቁኛል... የምስክርን ስም ስጠራ አባዬ ማልቀሱን ይተዋል።»

ኤሊያስ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ... አራት ዓመት ሙሉ እኔን ስታስታምሚ ነበር? የታመምሽው አንቺ ሆነሽ?»

አለቀሰ። በቀብሩ ቀን እንኳ ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሰ። ያሸነፈችው ርብቃ ናት፤ ግን ፊቷ ላይ የአሸናፊ ምልክት አልነበረም። ራሱን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሳትጠይቀው ቆየች። ራሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

ዶክተር ሶስና ትምህርቱ በትንሽ በትንሹ እንዲሰጣትና እንዲደጋገምላት፣ በፈዘዘች ቁጥር ያመለጣት እንዲነገራት ለመምህራኑ ጻፈች። መድኃኒቱንም የሆሳዕናው ሐኪም እየተከታተላት ቶሎ እንድትጀምር አሳሰበች። «አትችልም ያላችኋት ልጅ፣ አእምሮዋ በጠፋባት ቁጥር የአባቷን ፊት እያነበበች መልስ ስትሰጥ የኖረች ናት» አለቻቸው።

እሑድ ኤሊያስ በጉባኤው ፊት ቆመ። «ልጄ ባለራእይ አይደለችም፤ ታማ ነው። ያሳመንኳችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።» አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ ጥሎ ወጣ። የቅዳሜው ጸሎት ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳም ቀረ። ያ የተከበረ ቤት ጭር አለ። ዕጣ አንዳንዴ የነጠቀንን አይመልስልንም፤ የቀረልንን እንኳ በወጉ እንዳናይ ዓይናችንን በእንባ ይጋርደዋል። ይህን መጋረጃ ግን አንዲት ቆጮ ሻጭ በአምስት ወር ልመና ገለጠችው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሦስቱም ወደ ምስክር መቃብር ሄዱ። ኤሊያስ ልጁ ከተቀበረ ወዲህ አንድም ቀን እዚያ ደርሶ አያውቅም ነበር። ሣሩን በእጁ ነቀለ፣ ስሙን ጠራ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አቢጋኤል እጁን ያዘችው። «አባዬ፣ ልታለቅስ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና፣ «እሺ፣ አልቅስ» አለችው።