የእናት ጥድ ባለቤቶች

በአዝመራድ መንግሥት፣ በክረምቱ እኩሌታ፣ እናት ጥድ ቅጠሏን እንደ ደም አቅልታ አራገፈች። ከሥሯ የሚፈልቀው የአገሩ ብቸኛ ምንጭም ቀጠነ። ጠቢባኑ ከዋክብት ቆጠሩ፣ መኳንንቱ ተንሾካሾኩ፤ ምክንያቱን ግን ሕፃን እንኳ ያውቀው ነበር። ሁሉም የመጣው በአንዲት ቃል ነው።

በጥድ ቅጠል ውስጥ ዓይን የማያየው ሻጋታ ይኖራል፤ ቅጠሉን ከትል የሚጠብቀው እሱ ነው። የዛፍ ጠባቂዎች ከጥንት ጀምሮ «ባለቤቶቹ» ይሉታል። ንጉሥ ዘርአቅስ ይህን ሲሰማ ቱግ አለ። «በእኔ ዛፍ ላይ ከእኔ ሌላ ባለቤት?» ብሎ የግዛቱን ጥዶች በድኝ ጭስ አሳጠነ፤ ቃሏን የነገረውን የጠባቂዎች አለቃ ድርሳምን ደግሞ ምላሱን አስቆረጠው። ባለቤቶቹ አለቁ፤ ትሉ ገባ። እንዲህ ያለ ጅል ዘውድ ባይጭን ምን ነበረበት!

የድርሳም ልጅ ሐመልዛ መዳፏን በእናት ጥድ የደረቀ ቅርፊት ላይ አሳርፋ ማለች። «አባቴ የተቀጣባትን ቃል ንጉሡ ራሱ በአደባባይ እስኪላት ድረስ ቁጣዬ አይበርድም!»

ጭስ ያልደረሰበት፣ ባለቤቶቹ አሁንም በሕይወት ያሉበት አንድ ጥድ በቁርሬ ተራራ ጫፍ ቀርቶ ነበር፤ የሚጠብቀውም ቆዳው ድንጋይ የሆነው አውሬ ግምዝ ነው። የአባቷ ጓደኛ፣ ሽማግሌው ወንድራድ፣ ጦሩን አንሥቶ አብሯት ወጣ። ቀንበጥ እንደ ቀነጠሰች ግምዝ ዘለለባቸው።

«ሩጪ፣ ልጄ!»

«ጋሼ፣ ጥዬህማ አልሄድም!»

«የአባትሽን ነገር ይዘሽ ሂጂ አልኩሽ!»

ወንድራድ ጦሩን በአውሬው በተከፈተ አፍ አሳልፎ ጉሮሮው ውስጥ ሰካ፤ ግምዝም በላዩ ላይ ወድቆ አብረው ቀሩ።

ባለቤቶቹ ሕይወት በሌለው ነገር ውስጥ አይኖሩም፤ ቀንበጡ ደግሞ መንገድ ላይ መድረቅ ጀመረ። ሐመልዛ ግራ ክንዷን ሰንጥቃ ሥጋዋ ውስጥ ተከለችው። በሦስተኛው ቀን እናት ጥድ ዘንድ ስትደርስ ጣቶቿ እንጨት ሆነው ነበር። ክንዷን በግንዱ ስንጥቅ አስገባች፤ ጥዷም ያዘችው። ከዚያ በቀኟ ሰይፍ አንሥታ ራሷ ቆረጠችው።

ቅርንጫፉ ለመለመ፤ ምንጩ ገነፈለ። ንጉሡ በሕዝቡ መካከል እየተጣደፈ መጣ።

«ጀግናዪት ሆይ፣ ምን ልሸልምሽ?»

«ዛፏን ማን እንዳዳናት ይናገሩ፣ ጃንሆይ።»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ አይደለሁም!»

ንጉሡ «ባለቤቶቹ» አለ በቀስታ።

«አልተሰማም! አባቴ ጮክ ብሎ ነበር የተናገረው!»

«ባለቤቶቹ!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ።

በሕዝቡ መካከል የቆመው ድርሳም ለመመለስ አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ሐመልዛ በቀረችው እጇ አባቷን አቀፈችው። መሐላዋ ተፈጽሟል፤ ቁጣዋ ግን አልበረደም።