የጠፉት ልጆች ግድግዳ

ይታያል የሚባለው ሰው አሻጋሪ ደላላ ሞቶ የተገኘው ሱዳን ጠረፍ ላይ፣ ባሱንዳ ውስጥ፣ ባንታምላክ የጠፉ ወዛደሮችን ፊት በሚሥልበት ግድግዳ ሥር ነው። ጭንቅላቱ ከመሠረቱ ድንጋይ ጋር ተላትሞ ተፈንክቷል፤ አጠገቡ አንድ ባልዲ ኖራ ተደፍቷል። ጉዱ ግን ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ የሁለት እጆቹ አውራ ጣቶችም በጥቁር ክር ተጣምረው ታስረዋል።

ማን ይጠርጠር? ባንታምላክ ነዋ! ያለ ወረቀት ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ታሰረ፤ እዚያ በከሰል መሣል ለምዶ ወጣ። ከወጣ ወዲህ ደላሎች የሸጧቸውን ልጆች እየሣለ፣ ቤተሰብ እንዲፈልጋቸው ስማቸውን ይጽፋል። ሰዉ ሥዕሉን ያያል እንጂ ሠዓሊውን ሰላም የሚል የለም።

«ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል?» አሉ ወዛደሮቹ። ፖሊስ ከደረሰ ባንታምላክ ተመልሶ እስር ቤት መግባቱ ነው።

ደግነቱ እትዬ ሸዋረጋ ነበሩ። ጎንደር መርማሪ ፖሊስ የነበሩ፣ አሁን ለወዛደሩ የሚሸመግሉ፣ ከዓይናቸው ምንም የማያመልጥ ሴት ናቸው። ሬሳውን ዞረው አዩና ሻይ ሻጯን ሐመልማልን ጠሯት፤ የወንድሟ ፊት ግድግዳው ላይ አለ።

«ይታያልን ትጠይው ነበር?»

«ጅብ ቢበላው ደስታዬ! ግን ማርያምን እኔ አይደለሁም።»

ቀጥለው ከባንታምላክ ጋር አንድ ጎጆ የሚያድረውን አንዳርጋቸውን ጠየቁ።

«ሟቹን ታውቀዋለህ?»

«መተማ አብረን ነው ያደግነው፣ እትዬ። ኋላ ተለያየን» አለ፣ በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ሻሽ እያጠበቀ።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ እትዬ ሸዋረጋ ሁሉንም ግድግዳው ሥር ሰበሰቡ።

«ኖራውን ያመጣው ሟቹ ነው፤ ፊቶቹን ሊያጠፋ። አንድ ሰው ሊከለክለው ገፋው፣ ወድቆ ተፈነከተ። ጠላት ቢሆን ጥሎት በሄደ። ይሄ ሰው ግን አብሮ አደጉ በሰው አገር ሳይገነዝ እንዲያድር አልሆነለትም። ጣቶቹን የሚያስርበት ክር ቢያጣ የራሱን ማተብ በጠሰ። የባንታምላክ ማተብ አንገቱ ላይ ነው፤ የሐመልማልም። አንዳርጋቸው፣ እስቲ ሻሹን ፍታው።»

ሻሹ ተፈታ። አንገቱ ባዶ ነበር፤ ማተቡ የነበረበት መስመር ብቻ ነጥቶ ይታያል።

«ልገድለው ብዬ አልነበረም» አለ ወደ ባንታምላክ ዞሮ። «ልፋትህን ሊያጠፋው ሲል ነው።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ እኔን ሲጠረጥር ዝም አልክ?»

«ፈራሁ፣ ወንድሜ።»

ባንታምላክ ፊቱን አዞረበት። ታስሮ ሳለ አርብ አርብ ስንቅ ያመላለሰለት ይኸው ሰው ነው። ባሱንዳ ውስጥ በስሙ የሚጠራውም እሱ ብቻ ነበር። ፖሊሶቹ መኪናው ላይ ሲያወጡት ግን ሮጦ ደረሰበት።

«አርብ እመጣለሁ» አለው። «የዚያ ቤት ወጥ ጨው የለውም። ጨው ይዤልህ እመጣለሁ።»