የጓሳው ፎቶ

ጽናት ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ማየት አልቻለችም። እናቷ ጓሳ ሣር መሐል ተንበርክካ፣ ነጠላዋን ለሐዘን እንደዘቀዘቀች ስታለቅስ የሚያሳየውን ፎቶ ያነሳችው ራሷ ጽናት ናት። ጓደኛዋ ሰርካለም ግን አሳዛኝ ሙዚቃ ለጥፋበት ቲክቶክ ላይ ጭናዋለች። ከሥሩ የማያውቋቸው ሰዎች የሚያለቅሱ ፊቶች ደርድረዋል። አንዱማ «ትወናዋ አሪፍ ነው» ብሏል።

«ገና ይፈነዳል» አለች ሰርካለም፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እንደቆሙ። «ስምሽንም ጽፌበታለሁ እኮ።»

«ላንቺ ብቻ ነበር የላኩልሽ።»

«ምን ችግር አለው? ሰው አዘነላት።»

«ያስጠላል። አጥፊው፤ አሁን፣ እያየሁሽ።»

ሰርካለም አኩርፋ አጠፋችው። የጽናት ንዴት ግን አብሮ አልጠፋም።

አባቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላባት፣ የእሳቸውን ስልክ ይዛ ጓሳው ወደሚበቅልበት ደጋ ትወጣ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲነጩ፣ ረጅሙ የጅብራ ተክል ከጉም ውስጥ ብቅ ሲል ታነሳለች። ያን ጊዜ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል ይላታል። ለዓመታት ተከልሎ የቆየው ጓሳ ለአጨዳ ሲከፈት ደግሞ፣ የባሏን ማጭድ ይዛ የወጣችው እናቷ ነበረች። ቤት ውስጥ «ጠንክሪ እንጂ» እያሉ እንባዋን የከለከሏት ሴት፣ ከአጫጆቹ ራቅ ብላ እዚያ አለቀሰች። ልጇስ ምን አደረገች? ብርሃኑ እንዳያመልጣት ተጠግታ አነሳቻት። ጽናት ይህን ስታስብ ራሷንም ተጸየፈች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ጓሳው ወጣች። እናቷ ያጨደችውን ሣር በገመድ እያሰረች ነበር። ጽናት ሁሉንም ነገረቻት፤ ፎቶውንም አሳየቻት። እናቷ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን ትክ ብላ አየችው።

«አጠገቤ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፣ እማዬ።»

«እንዲህ ሆኜ እያየሽ ታዲያ ዝም አልሽኝ?»

እናቷ ስልኩን ስትመልስላት ጽናት ፎቶውን አጠፋችው። ብርዱ እየበረታ ነው፤ ጀንበሯ ግን ሣሩን ቢጫ አድርጋዋለች፣ እንዲያ ያለ ብርሃን በየቀኑ አይገኝም።

«ላንሳሽ?» አለች፤ እንዲህ ብላ ጠይቃት አታውቅም።

«ዛሬስ ይቅርብኝ» አለች እናቷ። «ነጠላዬን ያቃናሁ ለት፣ እኔው እጠራሻለሁ።»

ጽናት ስልኩን ኪሷ ከተተችና የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዘች።