በሃምሳው የጾመው ሰው

ቦርሳው በጠረጴዛው ሥር ተገፍቶ ሄደ።

ልዑልሰገድ ቀና ብሎ አላየም። ቡሬ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለች ምግብ ቤት ናት፤ የ1997ቱ ምርጫ ተቃርቧል። እሱም ፍኖተ ሰላም ላይ «መምህር እንዳለው ከፈረስ ቤት» ተብሎ ከምርጫ አስፈጻሚዎች ጋር ሲሠለጥን ሰነበተ። ሳጥን ማሸግ፣ ጣት በቀለም መንከር፣ ለማንም አለማድላት። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ የእሱ ግንድ ስሞቹ ናቸው። ደክሞታል።

ከሥልጠናው መጋዘን የሳጥን ማሸጊያዎች ተሰርቀዋል። ማሸጊያ በእጁ የገባ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ፣ የሻውን ጨምሮ፣ እንዳልተነካ አድርጎ ይዘጋዋል። ሌባው ሲቸኩል የማይለቀውን የጣት ቀለም ብልቃጥ ሰብሮ ሄዷል።

«ሌባዋ አሠልጣኟ እማዋይሽ ናት። ቦርሳዋን ከነማሸጊያው አምጣልኝ» ብሎ ያዘዘው የስለላ አለቃው «ዋርካ» ነው፤ አሁን ጋቢ ተከናንቦ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ጋሼ ባዬ።

«ያየህ አለ?»

«የለም።»

«እሷስ?»

«ታምነኛለች።»

ይህን ሲል አፉን መረረው።

ጥብስ ቀረበ፤ የእጅ ውኃም መጣ። ባዬ ቀኝ እጁን ከጋቢው አላወጣም።

«አንተ ብላ። ረቡዕ አይደል? ጾመኛ ነኝ።»

ልዑልሰገድ ያነሳውን ጉርሻ መለሰ። ፋሲካ ካለፈ ሳምንት አልሞላም። በሃምሳው ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም የጎጃም ሕፃን ያውቃል፤ ባዬ ደግሞ የቄስ ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጾመ አፍ በልማድ አዳለጠው።

«በሃምሳው፣ ጋሼ?»

ባዬ ወደ በሩ አየ።

ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

ቦርሳው ከነማሠልጠኛ ማሸጊያዎቿ ተመልሶ እግሩን ነካው።

«እሷ ሌባ፣ አንተ ግብረ አበር» አለ ባዬ ቀስ ብሎ። «አርፈህ ተያዝ።»

በጓሮ ማምለጥ ይችል ነበር። ግን እማዋይሽ ወህኒ ትወርዳለች፤ የተሰረቁት ማሸጊያዎችም ባዬ ዘንድ ይቀራሉ። ተነሥቶ የባዬን ቀኝ ክንድ ከጋቢው መንጭቆ አወጣው።

እስከ አንጓው በማይለቀው ቀለም ጠቁሯል።

አጠገባቸው ምሳ የሚበሉ የቡሬ ምርጫ ሠልጣኞች ዘወር ብለው አዩት። የእነሱ በልምምድ የጠቆረው አንዳንድ ጥፍር ብቻ ነው።

«ይህ ሰውዬስ ብልቃጡ ውስጥ ነው የገባ» አለች አንዷ።

ማሸጊያዎቹ ያንኑ ቀን ከባዬ ቤት ተገኙ። እማዋይሽ ቃሏን ልትሰጥ ቡሬ ተጠራች፤ ቦርሳዋን የወሰደው በሐሰት ስም የገባው መምህር እንደሆነ እዚያ ነገሯት። ቃሉን ሰጥቶ ሲወጣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጠብቃ አገኘችው።

«መምህር፣ ካንድ ሳህን በልተን አልነበር?»

«በልተናል።»

«እውነተኛ ስምዎ ማን ነው?»

ሊነግራት ከልቡ ፈለገ። ስሙን የምር ፈልጎ የጠየቀው ሰው ከነበረ ዓመታት አልፈዋል።

«እንዳለው ነው» አላት።

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች፤ ሠልጣኞቿ እየጠበቋት ነበር። እሱ በነቀምት አውቶቡስ ተሳፈረ። ረዳቱ ለትኬት ስሙን ሲጠይቀው አፉ ላይ የመጣለትን ሰጠውና መስኮቱን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።